የባለጉዳዮች አፍ የነበረው ሊስያስ

በጥንት ግሪኮች ዘንድ በንግግር ዐዋቂነታቸው ስማቸው ከሚጠራ ሰዎች አንዱ ሊስያስ ነው። የእርሱን ታሪክ ልዩ የሚያደርገው ግን፥ ከጻፋቸው ንግግሮች የሚበዙትን የጻፈው ራሱ ሊናገራቸው ሳይሆን ሌላ ሰው እንዲናገራቸው መሆኑ ነው።

አባቱ ኬፋሎስ በሲሲሊ ደሴት ያለችው የሲራኩስ ከተማ ሰው ሲሆን፥ በታላቁ መሪ በፔሪክሊስ ጋባዥነት መጥቶ በአቴና ተቀመጠ። ሊስያስና ወንድሙ ፖሌማርኮስም የጋሻ መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ሀብታሞች ቢሆኑም የውጭ አገር ሰው ልጆች በመሆናቸው የዜግነት መብት አልነበራቸውም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 ዓመት ሠላሳው ግፈኞች የተባሉት ገዢዎች አቴናን ያዙ። ገንዘብም ስለ ቸገራቸው የባለጸጎቹን ቤት መበርበር ጀመሩ። ከሁለቱ ወንድማማች 700 ጋሻና 120 ባሮች ወሰዱ፤ ፖሌማርኮስንም ያለ ፍርድ መርዝ አጠጥተው ገደሉት። ሊስያስ ግን ከተያዘበት ቤት በጓሮ በር ሾልኮ በጀልባ ወደ ሜጋራ አመለጠ። በስደትም ሳለ ለነጻነት ለሚዋጉት ገንዘብና ጋሻ ላከ።

በ403 ግፈኞቹ ወደቁ። ትራሲቡሎስ የተባለው መሪ ስለ ውለታው ለሊስያስ ዜግነት እንዲሰጠው አሳሰበ፤ ሸንጎውም ፈቀደ። ነገር ግን ሥርዓቱ አልተሟላም ተብሎ ውሳኔው ተሻረ። ሊስያስም ወንድሙን ይዞ ለሞት የሰጠውን ኤራቶስቴኔስን ከሰሰ፤ በዚያም ጊዜ ንግግሩን ያሰማው ራሱ ነበር።

ሀብቱ ስለ ጠፋ ከዚያ ወዲያ በብዕሩ ይተዳደር ጀመር። በአቴና ከሳሽም ተከሳሽም በመቶ በሚቈጠሩ ዳኞች ፊት ቆሞ ስለ ራሱ መናገር ነበረበት፤ ጊዜውም በውሃ ሰዓት ይለካ ነበር። ስለዚህ ንግግር የማይሆንለት ሰው ወደ ሊስያስ መጥቶ ነገሩን ያጫውተዋል፤ ሊስያስም ይጽፍለታል፤ ባለጉዳዩ በቃሉ አጥንቶ ይቀርባል።

የሊስያስ ትልቁ ችሎታ ራሱን መሰወር ነበር። ቃሉ ቀላልና የሁሉ ሰው ቃል ነው። የመንግሥት ድጎማ በቀን አንድ ኦቦል ይቀበል የነበረ አካለ ስንኩል ሰው፥ በፈረስ ስለሚቀመጥ ደኅና ነው ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፥ ሊስያስ የጻፈለት የልመና ለቅሶ አልነበረም። ሀብት ቢኖረው የራሱን በቅሎ ጭኖ ይቀመጥ እንደ ነበረና የሰው ፈረስ የሚዋሰው ስለ ቸገረው መሆኑን እየቀለደ እንዲያስረዳ አደረገው።

ለገንዘብ በመጻፉ የሚነቅፉት አልጠፉም። ሆኖም በ388 በኦሎምፒያ ጨዋታ ግሪኮች ሁሉ ተሰብስበው ሳለ፥ የአባቱን አገር ሲራኩስን በግፍ ይገዛ የነበረውን ዲዮኒስዮስን እንዲቃወሙ ባሰማው ንግግር ሐሳቡን በገሃድ ገልጧል።

ሊስያስ በ380 ገደማ ሞተ፤ ከ30 የሚበልጡ ንግግሮቹም እስከ ዛሬ ይነበባሉ። አቴና ለዚህ ሰው በሸንጎዋ ስፍራ ነፈገችው፤ ቃሉን ግን በገዛ ዜጎቿ አፍ ስትሰማው ኖረች። እንግዲህ እኛም ነገ ስለ ሌላው ለመጻፍ ወይም ለመናገር ብዕር የምናነሣ ተማሪዎች፥ አስቀድመን ባለጉዳዩን በትዕግሥት መስማት እንዳለብን ከሊስያስ ልንማር ይገባናል።