መንገድ ላይ የቀረው በዛብህ፣ የተሻገሩት ሐዲስ

የፈተና ሰሞን ማታ ደብረ ታቦር ላይ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የጉና ብርድ ይወርዳል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ስልክ ቻርጅ ላይ ይሰካል። መብራት ከጠፋ ደግሞ በቀረችው ባትሪ እሽቅድምድም ነው። ነገ የአማርኛ ፈተና አለ። መምህሩ ፍቅር እስከ መቃብርን አንብባችሁ ኑ ካሉ ወር አልፏቸዋል። መጽሐፉ ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው፣ ቀኑም አልቋል። እናም ቴሌግራም ይከፈታል፣ አጭር ማጠቃለያ ይወርዳል። ዋና ገጸ ባሕርይ፦ በዛብህ። ጭብጥ፦ ፍቅርና የፊውዳል ሥርዓት። ደራሲ፦ ሐዲስ ዓለማየሁ። በቃ፣ እንተኛ።

ለነገው ፈተና ይህ ይበቃ ይሆናል። ግን ከሦስቱ መልሶች ማጠቃለያው ስሙን ብቻ ጠርቶ የሚያልፈው ሦስተኛውን ነው። ዛሬ እስኪ ያንን ስም እንክፈተው። የእኚህን ሰው ሕይወት ያወቀ ተማሪ በዛብህ ለምን ሞተ የሚለውን ጥያቄ ሳይሸመድድ ሊመልሰው ይችላል።

ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው፤ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ስፍራ። ያኔ በዚያ አገር ልጅ ይማር ከተባለ የሚላከው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሐዲስም የቤተ ክህነቱን ትምህርት እንደ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ባሉ ስመ ጥር ደብሮች ተከታተሉ። ዲማን አስታውሷት፤ ኋላ ልብ ወለዱ ውስጥ ትመጣለች።

ይህ ኑሮ ለደቡብ ጎንደር ልጅ እንግዳ አይደለም። የድጓ መምህር መሆን የሚፈልግ ሰው ከየትም አገር ቢመጣ ማስመስከሪያው እዚያው ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በዱላው ውሻ እየተከላከለ በእንተ ስማ ለማርያም የሚል የቆሎ ተማሪ በራችሁ ላይ አይታችሁ ይሆናል። የበዛብህ የልጅነት ዓለም ይኸው ነው። ማጠቃለያው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበር ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። እናንተ ግን ያ ልጅ ምን ለብሶ እንደሚያድር፣ ምን ለምኖ እንደሚበላ፣ ከእናቱ ስንት ቀን መንገድ እንደሚርቅ ታውቃላችሁ። በዚህ በኩል መጽሐፉን ከብዙ የአዲስ አበባ ተማሪ ቀድማችሁ ጀምራችኋል ማለት ነው።

ሐዲስ በቤተ ክህነቱ ትምህርት ብቻ አልቆሙም። ገና በወጣትነታቸው ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬ ከደብረ ታቦር በጠዋት የተነሳ ተሳፋሪ በወረታ፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አድርጎ፣ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ መስኮቱን ከፍቶ ፎቶ ያነሳል። በዚያ ዘመን ግን ጉዞው የእግርና የበቅሎ ነበር። በረሃው ወባ አለው፣ ጫካው ሽፍታ አለው፣ ወንዙ በክረምት አያሻግርም። ከቤቱ የወጣ ሰው ይደርሳል ተብሎ እርግጠኛ አይኮንም።

እሳቸው ደረሱ። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት ቀሰሙ። የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ የተባለውን ተውኔት የጻፉትም በዚያው በወጣትነት ዘመናቸው ነው። ርዕሱ ራሱ የሰውየውን ሐሳብ ያሳብቃል። አገሬ ከኋላ ቀርነት ጋር ተጋብታለች ብሎ የሚቆረቆር ልጅ ነበሩ። ከዚያ መምህር ሆኑ። ኑሮ በዚህ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ምናልባት አንድ ጎበዝ አስተማሪ ሆነው ያረጁ ነበር።

ጣሊያን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ሐዲስ በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ሆነው ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ግንባሩ ሲፈታ እጅ አልሰጡም፤ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ትግሉን ቀጠሉ። በመጨረሻ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማረኩና ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ፖንዛና ሊፓሪ በተባሉ ደሴቶች 7 ዓመት ያህል ታሰሩ። የሃያዎቹ ዕድሜያቸው መጨረሻና የሠላሳዎቹ መጀመሪያ እንዲህ አለፈ። የተፈቱት የተባባሪዎቹ አገሮች ጦር ጣሊያን ሲገባ ነው። የዚያን ጦርነት ነገር ትዝታ በሚል መጽሐፍ የጻፉት ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር።

ከእስር በኋላ ያለው ሕይወታቸው የሹመት ዝርዝር ይመስላል። ኢየሩሳሌም ቆንስላ፣ አሜሪካ ዲፕሎማት፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ ባለሥልጣን፣ እንግሊዝ አገር አምባሳደር። የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ። አስቡት፤ ዛሬ የእናንተ የፈተና ጥያቄ የሆኑት ሰው በአንድ ወቅት የአገሪቱ ትምህርት ኃላፊ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ትኩረት የሚፈልገው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትልቅ ሹም የሆኑ ሰው በ56 ዓመታቸው፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተሙ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። የሐዲስ ልብ ወለድ ደግሞ ገበሬ በባላባቱ ላይ ሲነሳ ያሳያል፤ በዘሩ የሚኮራ መኳንንትን ያስቃል፤ ሥርዓቱ ፈራሽ ነው ብሎ የሚከራከረውን ጉዱ ካሳን ከሁሉ የተሻለ አስተዋይ አድርጎ ያቀርበዋል። የመንደሩ ሰው ጉዱ ያለው አበደ ብሎ ነው። ከሥርዓቱ ማዕድ የሚቆርስ ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲጽፍ ቀላል ነገር አይደለም።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። በዛብህ የድሃው የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ ነው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በስለት ሰጡት። ቅኔ ተማረ፣ ዲማ ደረሰ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ተቀጠረ። ተዋደዱ። የድሃ ልጅ የባላባት ልጅ መውደዱ ሲታወቅ ሕይወቱን ለማትረፍ ሸሸ። ሰብለ መነኩሴ መስላ ፍለጋ ወጣች። ስታገኘው ግን በዛብህ በጎጃምና በአዲስ አበባ መካከል ባለው መንገድ ላይ፣ ወንበዴ አቁስሎት፣ በሞት አፋፍ ላይ ነበር።

አሁን ሁለቱን ሕይወቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም የጎጃም ልጆች ናቸው። ሁለቱም በቤተ ክህነት ትምህርት አድገዋል፣ ሁለቱም ዲማን ያውቃሉ፣ ሁለቱም የዓባይን መንገድ ይዘዋል። አንዱ ተሻግሮ ሚኒስትርና አምባሳደር ሆነ፤ 94 ዓመት ኖረ። ሌላው መንገድ ላይ ቀረ። በእኔ ንባብ በዛብህ ማለት ያልተሻገረው ሐዲስ ነው። ደራሲው የራሳቸውን ትምህርት፣ የራሳቸውን አገርና የራሳቸውን መንገድ ሰጥተውት፣ ዕድላቸውን ብቻ ነፈጉት። ለምን ቢባል፣ የደረሰ ሰው ስለ መንገዱ ሲያወራ ጉብዝናውን ነው የሚተርከው። መንገዱ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ የሚታወቀው በቀረው ሰው ነው። በዛብህ ሰነፍ አልነበረም፤ ቅኔ የተካነ ልጅ ነው። የገደለው የእውቀት ማነስ አይደለም።

ፈተና ላይ የበዛብህ ሞት መንስኤ ምንድን ነው ተብላችሁ ወንበዴ ብላችሁ ብትመልሱ ስህተት አይደለም። ግን ግማሽ መልስ ነው። ወንበዴው ያገኘው መንገድ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ ያወጣው ደግሞ ሰውን በዘሩ የሚመዝነው ሥርዓት ነው። ሙሉ ነጥብ የሚያመጣው ይህን ሰንሰለት ያሳየ ተማሪ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለስልክ አንባቢዎች። የመጽሐፉን ገጾች በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ ስታዩ ከአንዳንድ ፊደሎች አናት ላይ ነጥብ ታገኛላችሁ። የስካነር ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። አማርኛ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ብዙ አለው። ዋና ሲጠብቅ አለቃ ወይም ቁም ነገር ነው፤ ሲላላ ወንዝ ውስጥ የምንዋኘው ነው። ሐዲስ አንባቢው እንዳይሳሳት የሚጠብቀውን ፊደል በነጥብ አመለከቱ። የቅኔ ቤት ልጅ ነበሩና የቃል መጥበቅና መላላት ነገር ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። ማጠቃለያ ውስጥ እነዚህ ነጥቦች የሉም።

ከ500 ገጽ በላይ መሆኑ ካስፈራችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። መጽሐፉን ብዙው ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ያወቀው በጆሮው ነው። ዝነኛው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር ሬዲዮ ካለበት ቤት እየተሰበሰበ ሰማው። ጉዱ ካሳ የሰው መጠሪያ፣ የጨዋታ ማጣፈጫ ሆነ። ያ ትረካ ዛሬ ስልካችሁ ላይ ይገኛል። የጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ ውኃ ስትቀዱ፣ እንጨት ስትፈልጡ፣ ታክሲ ስትጠብቁ መስማት ይቻላል። ማዳመጥ ማንበብን አይተካም፤ ግን ከአጭር ማጠቃለያ በብዙ ይሻላል።

ሐዲስ ከዚያም በኋላ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚመረምር መጽሐፍ ጻፉ፤ ወንጀለኛው ዳኛና የልም እዣት የተባሉ ልብ ወለዶችም ተከተሉ። አብዮቱ መጣ፤ ልብ ወለዱ ከታተመ 9 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። የፊታውራሪ መሸሻ ዓለም በሕግ ፈረሰ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሐዲስ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ።

ታዲያ የፊታውራሪው ዘመን ካለፈ መጽሐፉ ለምን ይነበባል? የመንገዱ ጥያቄ ስላላለፈ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ 97ቱ ገደማ መንገድ ላይ ቀሩ። ያኔ ብዙ ሰው የጠየቀው ልጆቹ ምን ነካቸው ብሎ ነው። ፍቅር እስከ መቃብርን በቅጡ ያነበበ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ መንገዱስ?

ነገ ፈተና ላይ ይህን ማንም ላይጠይቃችሁ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ማታ ባትሪው እስኪያልቅ ቢያንስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡ። ውድነሽንና ቦጋለን ተዋወቋቸው። ስለት የገባችው እናትና በእንተ ስማ ለማርያም የሚለው ልጅ ከናንተ ሰፈር ብዙም አይርቁም።