ሮበርት ናፒየር፤ ስንቅ ያዘመተው መሐንዲስ

ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በጥር ወር 1868 (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ) ከቦምባይ ተነሥቶ ዙላ ወደብ በደረሰ ጊዜ የተቀበለው የበቅሎ ሬሳ ሽታ ነበር። ቀዳሚው ጓድ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በባሕሩ ዳር ሰፍሯል። ከግብጽ፣ ከቱርክ፣ ከስፔንና ከሌሎችም አገሮች የተገዙ በሺሕ የሚቆጠሩ በቅሎዎች በመርከብ እየተጫኑ መጥተዋል፤ ነገር ግን የሚጠጡት ውኃ፣ የሚታሰሩበት ገመድና የሚነዳቸው የሠለጠነ ሰው አብሮ አልደረሰም። ነጂ ተብለው ከየወደቡ የተለቀሙት ሰዎች እርስ በርሳቸው እንኳ በቋንቋ የማይግባቡ፣ ብዙዎቹም በቅሎ ጭነው የማያውቁ ነበሩ። ከብቱ ማሰሪያውን እየበጠሰ ውኃ ፍለጋ በበረሃው ተበተነ፤ በጥማትና በበሽታም አለቀ። መድፉና ባሩዱ ሞልቶ ሳለ የሚሸከመው ጠፋ።

ናፒየር ያን ጊዜ የ57 ዓመት ሰው ነው። በ1810 በሴሎን ደሴት በኮሎምቦ ተወለደ፤ የመድፈኛ መኮንን የነበረው አባቱ በጃቫ ሜስተር ኮርኔሊስ የተባለውን ምሽግ ለመያዝ በተደረገው ውጊያ ስለቆሰለ ልጁ ኮርኔሊስ የሚል ተጨማሪ ስም ወጣለት። አዲስኮምብ በተባለው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ በ1826 የቤንጋል መሐንዲሶች መኮንን ሆነ። በዚያ ዘመን የስንቅና የማጓጓዣ ሥራ እንደ አንድ የጦር ሙያ ተቆጥሮ መኮንን በወጉ የሚሠለጥንበት አልነበረም፤ ማንም መኮንን ሊይዘው የሚችል፣ ክብርም የማያስገኝ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። ናፒየርን ያሠለጠነው የሲቪል ሥራ ነው። የጃሙናን ምሥራቃዊ የመስኖ ቦይ ሠራ፤ ዳርጂሊንግ ከተማ የምትቆምበትን ቦታ ቀየሰ፤ ወደ ተራራው የሚያወጣውንም መንገድ ጀመረ። ከ1849 በኋላ ደግሞ በፑንጃብ የመንገዶችና የቦዮች ሥራ ኃላፊ ሆኖ ለዓመታት ሠራ። አንድ የቀን ሠራተኛ በቀን ስንት ክንድ እንደሚቆፍር፣ አንድ ከብት ምን ያህል ጭኖ ምን ያህል እንደሚበላ በዚህ ሥራ ተማረ። በሲኮች ጦርነት፣ በሉክኖውና በ1860 በቻይና ዘመቻ መዋጋቱና በተደጋጋሚ መቁሰሉም አይዘነጋም፤ ይሁን እንጂ ዙላ ላይ የጠቀመው የቦዩና የመንገዱ ትምህርት ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ለላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣታቸው ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን ማሰራቸው የታወቀ ነው። እስረኞቹን ለማስለቀቅ በታዘዘ ጊዜ ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ዘመተ፤ ተከታዩና ጓዝ ጫኙ ግን የወታደሩን እጥፍ ይሆን ነበር። የጭነቱ ከብት ከ40,000 በላይ ሲሆን ከመካከሉ 44 ዝሆኖች ነበሩበት። ዙላ የመጠጥ ውኃ ስላልነበረ የባሕሩን ውኃ በመርከቦች ላይ እያፈሉ እንፋሎቱን በማቀዝቀዝ አጣሩት። መሬት ውስጥ እየተመታ የሚገባ የቧንቧ ጉድጓድም ከአሜሪካ መጣ፤ ይህ ዓይነቱ ጉድጓድ በእንግሊዞች ዘንድ ከዚያ ወዲህ የሐበሻ ጉድጓድ ተብሎ ተጠራ፤ በሐበሻ ያልተሠራ ዕቃ በሐበሻ ስም መጠራቱ የዘመኑ ነገር ነው። የእንጨት መድረክ እስከ ባሕሩ ተዘረጋ፤ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባቡር ሐዲድ ወደ ኩማይሌ ተነጠፈ፤ በሱሩ ገደል ቋጥኙ እየተፈነቀለ እስከ ሰንዓፌ መንገድ ወጣ። ከዚያ በኋላ በአዲግራትና በእንጣሎ ግምጃ ቤት እየተከለ ገሠገሠ።

በዚያው ወራት ሌላ መንገድ ሠሪ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ እየመጣ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እየፈነቀሉ በበሽሎና በጅጣ ሸለቆዎች መንገድ አወጡ። በቁርጠኝነትና በብልሃት ከናፒየር የሚያንሱ አልነበሩም። የለያቸው ገበሬው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ባለፉት ዓመታት አገሩን እየዘረፈ በመኖሩ ባላገሩ ሸሽቶ ወይም ሸፍቶ ነበር፤ በአንድ ወቅት እጅግ ብዙ የነበረው ጦርም በረኀብና በክዳት ተመናምኖ ጥቂት ሺሕ ቀረ።

ናፒየር የያዘው ጠገራ ብር ነበር። የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ በቪየና የተመታ ከ4 ሚሊዮን በላይ ብር ለዘመቻው ተገዝቷል። በየካቲት ወር ከትግራዩ ገዥ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ተገናኝቶ ተስማማ፤ ገበያው ተከፈተ፤ ገብሱ፣ ዱቄቱና ድርቆሹ ወደ ሰፈሩ መጣ። ከባሕር እስከ መቅደላ ያለው 640 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በባሕር በመጣ ስንቅ ብቻ ሊታለፍ አይችልም ነበር፤ የጭነቱ ከብት ራሱ የተሸከመውን ይበላዋልና። እንግዲህ ዘመቻውን የመገበው ብዙው እህል የኢትዮጵያ ገበሬ እህል ነው። ይህ ለአንባቢ መራራ ቢሆንም የታሪኩ እውነት ነው። ከአሸንጌ ወዲያ ናፒየር የወታደሩን ጓዝ አስቀነሰ፤ መቅደላ ሥር የደረሰው ከ13,000ው ውስጥ ወደ 4,000 ገደማ ብቻ ሲሆን የቀረው መንገዱንና ግምጃ ቤቱን ይጠብቅ ነበር።

ውጊያው አጭር ነው። ሚያዝያ 10 ቀን በአሮጌ ሜዳ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ነበሩ። ሚያዝያ 13 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። መቅደላ ተዘረፈች፤ ከዚያም ተቃጠለች። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከግምጃ ቤቱ የወጣውን የብራና መጽሐፍ፣ መስቀልና አልባሳት 15 ዝሆኖችና ወደ 200 በቅሎዎች ተሸክመው ወደ ደላንታ ሜዳ ወሰዱት፤ በዚያም በሐራጅ ተሸጠ። ያ ሁሉ የማጓጓዝ ጥበብ በመጨረሻ የፈጸመው ተግባር ይህ ነው፤ የናፒየር ስም በሚነሣበት ሁሉ አብሮ ሊነሣ ይገባዋል።

በሰኔ ወር የመጨረሻዎቹ መርከቦች ዙላን ለቀቁ። ለደጃዝማች ካሣ የተተወላቸው መድፍና ጠመንጃ በ1871 ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ለማድረግ ረዳቸው፤ በዓመቱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። የዘመቻው ወጪ አስቀድሞ ከተገመተው እጅግ አልፎ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል በመድረሱ ፓርላማው መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በ1869 በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ለማጓጓዝና ለስንቅ አገልግሎት አዲስ ክፍል ተመሠረተ። ናፒየር የመቅደላ ባሮን ተብሎ፣ የሕንድ ጦር አዛዥና የጂብራልታር ገዥ ሆኖ፣ በ1883 የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ አግኝቶ በጥር ወር 1890 በለንደን ሞተ፤ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልም ተቀበረ።

ዐፄ ዮሐንስ በ1872 ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለስላቸው ለለንደን ጽፈው ነበር። መጽሐፉ ተመለሰ። ሥዕሉ አልተመለሰም።