ከአንባቢው በፊት አሳታሚውን ያገኘው ልቦለድ፦ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

እ.አ.አ በ1908 ሮም ከተማ ውስጥ አንድ ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። 90 ገጽ ገደማ ያለው ይህ መጽሐፍ ንጉሥ አያወድስም፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን አይተረጉምም፤ ሰዋስውም አያስተምርም። ከደራሲው ልብ የፈለቀ ታሪክ ነበርና ልብ ወለድ ታሪክ ተብሎ ተሰየመ። ዛሬ በአማርኛ ልቦለድ የሚባለው የጽሑፍ ዘርፍ ስሙን የወረሰው ከዚያ ሽፋን ነው።

ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ ያገኙት ከዓመታት በኋላ ነው። መጽሐፉ ሲታተም በጣሊያን፣ በናፖሊ የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም የአማርኛ መምህር ነበሩ። ታሪኩን በቋንቋው ጣዕም ሊያነብብ የሚችለው ሕዝብ ባሕር ማዶ ነው፤ አጠገባቸው ያሉት ደግሞ አማርኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ የሚማሩ ጣሊያናውያን ናቸው።

ዛሬ በሜሪላንድ በልትስቪል ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ ልቦለድ የጻፈ ሰው፣ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዘንድ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሥነ ጽሑፍ ወኪል ይፈልጋል። ለወኪሉ አንድ ገጽ የማይሞላ ደብዳቤ ይልካል፤ ታሪኩን ባጭሩ ይገልጻል፤ እርሱ ማን እንደሆነና መጽሐፉን ማን ሊያነበው እንደሚችል ያስረዳል። ወኪሉ ከወደደው ረቂቁን ይዞ አሳታሚ ያፈላልጋል፤ ከደራሲው ገቢም በተለምዶ 15 በመቶ ይወስዳል። በአማርኛው ዓለም እንዲህ ያለ አገናኝ አልተለመደም። ብዙው ደራሲ ረቂቁን ታቅፎ፣ ገንዘቡንም ከራሱ አውጥቶ ወይም ተበድሮ፣ በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ያም ሆኖ ደራሲውን ከአንባቢው የሚያገናኘው ማን ነው፣ በምንስ ዋጋ የሚለው ጥያቄ ለሁሉም አይቀርም። ለመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ደራሲ ዋጋው ከ15 በመቶ እጅግ የበለጠ ነበር።

አፈወርቅ የተወለዱት እ.አ.አ በ1868 በጣና ሐይቅ ዳርቻ በዘጌ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አደጉ፤ ሥዕልም ይችሉ ነበር። ይህ የሥዕል ተሰጥዖ እ.አ.አ በ1887 ወደ ጣሊያን አሻገራቸው፤ በቶሪኖም በሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማሩ። ወደ አገር ቤት ተመልሰው በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ሲሠሩ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር እንደተቃቃሩ ይነገራል። ቀጥሎም የአፄ ምኒልክ አማካሪ በነበሩት በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ በኩል ከሌሎች ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ኔውሻቴል ተላኩ። የአድዋ ጦርነት በተቃረበበት በዚያ ወቅት ግን ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ጣሊያን ሄዱ። አገራቸው ለጦርነት ስትከት እርሳቸው የተገኙት በባላጋራዋ ቤት ነበር። ይህ ስም ዕድሜ ልካቸውን ተከትሏቸዋል።

ከ1902 ጀምሮ በናፖሊ ሲያስተምሩ ብዕራቸው ሥራ አልፈታም። እ.አ.አ በ1905 በጣሊያንኛ የተጻፈ የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ። በ1908 ወደ ኢትዮጵያ ለሚጓዙ መንገደኞች በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተሰናዳ የመንገድ መሪ መጽሐፍ ተከተለ። ልብ ወለዱ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አወጡ። ሁሉም ሮም ውስጥ የታተሙ ናቸው።

ሮም መሆኑ ድንገተኛ አልነበረም። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.አ.አ በ1513 የወጣው በዚያችው ከተማ ነው። ከአራት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላም ፊደሉ፣ ፊደል ለቃሚውና በቋንቋው የሚመራመሩት ሊቃውንት እዚያው ነበሩ። በአንጻሩ አዲስ አበባ ውስጥ የማተሚያ ሥራ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ በቀይ ባሕር ዳርቻና በአስመራ የነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ማተሚያዎችም ከሁሉ የሚያስቀድሙት መንፈሳዊ መጻሕፍትን ነበር። አንድ ሰው ከልቡ አፍልቆ የጻፈውን የፍቅርና የመከራ ታሪክ ተቀብሎ የሚያሳትም በአገር ውስጥ አልነበረም ማለት ይቻላል። አፈወርቅ ግን ጣሊያን ውስጥ የሰዋስው ደራሲና መምህር ሆነው ታውቀዋል። የመምህርነት ወንበራቸው ያስገኘላቸውን መግቢያ የትኛውም የማመልከቻ ደብዳቤ አያስገኝም ነበር።

ይህ ጣጣ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በዚያው ዘመን በዛሬዋ ሌሶቶ ቶማስ ሞፎሎ በሴሶቶ ቋንቋ የጻፉት የመጀመሪያ ልቦለድ በሞሪጃ የሚስዮን ማተሚያ በ1907 ታትሟል፤ የክርስትናን መንገድ የሚያሳይ ነበርና አሳታሚዎቹ ወደዱት። ቻካ የተሰኘው ሌላው ልቦለዳቸው ግን ሚስዮናውያኑን አላስደሰተም። ረቂቁ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይታተም ቆይቶ ብርሃን ያየው በ1925 ነው።

በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በአረማውያን ተሸንፎ ይማረካል። አንድ የማያውቀው ነጋዴ መያዣ ሳይጠይቅ ገንዘብ ሰጥቶ ነጻ ያወጣዋል። ባለውለታውን ለመካስ ልጁ ዋሕድ ፍለጋ ይወጣና እርሱ ራሱ ለባርነት ይዳረጋል። መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። የአረማዊው ንጉሥ ዘመድ የሆነች ሴት ጦቢያን ወንድ መስላት ትወድዳታለች፤ መጨረሻው ግን በሁለት ሠርግና በንጉሡ መጠመቅ ያልቃል። ታሪኩ የሆነበት ዘመን አልተጠቀሰም። አማርኛው ግን የገጠሩን ኑሮ፣ የገበያውንና የመንገዱን ወግ የተሸከመ፣ በቃላት የበለጸገ ነው። ደራሲው ከአገራቸው በራቁ ቁጥር ለቋንቋቸው የበለጠ የተጠነቀቁ ይመስላል። የናፖሊ ተማሪ መዝገበ ቃላት ሳያገላብጥ አንድ ገጽ መዝለቅ መቻሉ ያጠራጥራል።

ያለ መያዣ የሚያበድር ደግ እንግዳ በልቦለዱ ውስጥ አለ፤ በደራሲው ሕይወት ውስጥ ግን አልነበረም።

መጻሕፍቱ አገር ቤት ሲደርሱ ከሁሉ በፊት ክርክር ያስነሳው ልቦለዱ ሳይሆን የምኒልክ ታሪክ ነበር። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.አ.አ በ1912 አስመራ ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ የአፈወርቅን የአማርኛ ችሎታ ሳይነፍጉ፣ ታሪኩ ለአፄ ምኒልክ ያደላና በአፄ ዮሐንስ ላይ ፍርድ ያጓደለ መሆኑን ተችተዋል። ትችቱ ተገቢ ነበር። መጽሐፉ ወደ አገር ለመግባት ደጅ የሚጠና ሰው ሥራ ይመስላል፤ እዚያው ሮም ከታተመው ልቦለድ ጋር ሲነጻጸር በአንዱ ነጻነት፣ በሌላው ልመና ይታያል።

በ1910ዎቹ ወደ ኤርትራ፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ፤ ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ከመውረሯ በፊት በነበሩት ዓመታትም በሮም የአገራቸው ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ሠሩ። በእነዚሁ ዓመታት አገር ቤት ብዙ ነገር ተለውጧል። ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራ ጀምሯል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ልቦለዶችን ጨምሮ በርካታ መጻሕፍት እዚያው አዲስ አበባ ያሳትሙ ነበር። የአማርኛ ልቦለድ ባሕር ሳይሻገር መታተም ቻለ። አፈወርቅ ግን ሁለተኛ ልቦለድ አላወጡም።

ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር ከወራሪው ጋር ወገኑ። አፈ ቄሣር የሚል ማዕረግ ተሰጣቸው፤ ብዕራቸውንም ለአገዛዙ አዋሉ። በዚያው ዘመን በርካታ የተማሩ ኢትዮጵያውያን በጥይት ወድቀዋል፤ ሌሎች በጣሊያን ደሴቶች ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ አፈወርቅ ለፍርድ ቀረቡ። የሞት ፍርዱ ተሻሽሎላቸው በግዞት ጅማ ተቀመጡ፤ እዚያም እ.አ.አ በ1947 አረፉ።

ልቦለዳቸው በዋና ገጸ ባሕርይዋ ስም ጦቢያ ተብሎ እየታወቀ ሄደ። እ.አ.አ በ1964 የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። ትርጉሙን ያወጣው ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተሰኘው መጽሔት ነበር፤ መሥራቹ ደግሞ በፋሺስት ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ ነጻነት ለንደን ላይ በብዕራቸው የታገሉት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው።