እህልም ቦምብም የጫኑ አብራሪ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በቢሾፍቱ ያልፋል። በዚያ የአየር ኃይል ሰፈር መኖሩን የማያውቅ መንገደኛ የለም፤ ሠራዊቱን በመጀመሪያ ካደራጁት አንዱ የሩቅ አገር ሰው እንደ ነበሩ፥ አፅማቸውም በእኛው አፈር እንዳረፈ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እኒህም ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ናቸው። ስለ እርሳቸው የሚነገረው ምስጋናም ነቀፋም ስለ ሆነ፥ ታሪካቸውን በአጭሩ ጽፈን ከእርሱ የሚገኘውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ካውንቱ ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም.፥ እኛ የደብረ ታቦርን በዓል በምናከብርበት ዕለት፥ በስዊድን ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። የእናታቸው እኅት ኋላ የሂትለር ባለሥልጣን የሆነው የኼርማን ጎሪንግ ሚስት ነበረች። የእርሳቸው መንገድ ግን ሌላ ሆነ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር መጥተው የሕክምና አውሮፕላን አበሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ ሰፍሮ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ደበደቡት፤ በድንኳን ተኝተው ይታከሙ ከነበሩትም ብዙዎች ሞቱ። ለምሕረት የቆመ ምልክት ሲደፈር ምን እንደሚያስከትል ካውንቱና ባልንጀሮቻቸው ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በወረረች ጊዜ ግን ካውንቱ ራሳቸው ቦምብ ጣይ ሆኑ። በ1932 ዓ.ም. ለመንገደኞች የተሠራ አውሮፕላን ለጦርነት ተለውጦ፥ እርሳቸው እያበሩት በሶቪየት ጦር ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዓለም ጦርነት በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፥ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መሩ፤ በቢሾፍቱም ከስዊድን የመጡ መምህራን የአገራችንን ወጣቶች አሠለጠኑ።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በናይጄሪያ ጦርነት ምክንያት ነው። የቢያፍራ ሕዝብ ተከብቦ ሕፃናቱ በረኃብ ሲረግፉ፥ በነሐሴ ወር 1960 ዓ.ም. ካውንቱ አውሮፕላናቸውን ዝቅ አድርገው እየበረሩ እርዳታ አደረሱ። በግንቦት ወር 1961 ዓ.ም. ግን ሮኬት በታጠቁ አምስት ትንንሽ አውሮፕላኖች ከባልንጀሮቻቸው ጋር የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መቱ። ያው ወር ሳያልቅ የናይጄሪያ ተዋጊ አውሮፕላን እርዳታ የጫነ የቀይ መስቀል አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ አብራሪዎቹም ሞቱ። ደጋፊዎቻቸው ረኃብተኛውን ከአየር ድብደባ ለማዳን ነው ሲሉ፥ ነቃፊዎቻቸው እህል ያመላለሰ እጅ ሮኬት በመተኮሱ እህል የሚያመላልሱት ሁሉ ተጠረጠሩ፥ ጦርነቱም ረዘመ ይላሉ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ አገራችን በድርቅ በተመታች ጊዜ ካውንቱ እንደ ገና መጡ። መኪና በማይደርስበት ስፍራ ለተራቡት ከአየር ላይ እህል ጣሉ። በመጨረሻም ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በጎዴ ላይ ባደረገው ጥቃት በ67 ዓመታቸው ተገደሉ፤ በአዲስ አበባም ተቀበሩ።

በሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለውን አውሮፕላን ያበሩት አሜሪካዊው ፖል ቲቤትስ ግን በ2000 ዓ.ም. ሲሞቱ፥ ተቃዋሚዎች እንዳይሰበሰቡበት ፈርተው የመቃብር ድንጋይ እንዳይቆምላቸው፥ አመዳቸውም በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ እንዲበተን ተናዝዘው ነበር። አንዱ መቃብር አላቸው፥ ሌላው የላቸውም። ነገር ግን መቃብር ማጣት የተሠራውን አይሠውርም፤ በተረዱት ሕዝብ መካከል መቀበርም የተሠራውን ሁሉ አያጸድቅም። ሁለቱም የሚጠብቁት አንድ ፈራጅ ነው።

እኛ አገሩን ለመከላከል የተዋጋውን አንነቅፍም፤ አባቶቻችን ታቦት ይዘው ዓድዋ ዘምተዋልና። የምሕረት ሥራ ግን የራሱ ሕግ አለው። እህል የሚያድል ሰው በሁለቱም ወገን የሚታመነው እጁ ባዶ ስለ ሆነ ነው፤ የተራበውን አይቶ ትዕግሥቱ ሲያልቅና ጦር ሲያነሣ፥ ዕዳውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ሌላው ምስኪን ነው። በመልካ ዲዳ ድንኳን ሥር የሞቱትም፥ ከቢያፍራ ሰማይ የወደቁትም ይህን ይመሰክራሉ።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፥ ስለ እንዲህ ያለ ሰው ስትጠየቁ ከታሪኩ ግማሹን ቈርጣችሁ አትጣሉ። ያበላውን አብልቷል በሉ፤ የመታውንም መትቷል በሉ። ፍርዱን ግን የልብን ለሚያውቅ ለእግዚአብሔር ተዉለት።