ዩሱፍ በይዳስ፦ የመክፈቻው መደብ ልክ

ዩሱፍ በይዳስ እ.ኤ.አ. በ1912 በኢየሩሳሌም ተወለዱ። አባታቸው ኸሊል በይዳስ የሩሲያን ሥነ ጽሑፍ ወደ ዓረብኛ በመመለስ የታወቁ ደራሲና ተርጓሚ ነበሩ፤ ልጃቸው ግን ያዘነበሉት ወደ ገንዘብ ሥራ ነው። በ1948 ጦርነት ተፈናቅለው ቤይሩት ከገቡ በኋላ በአነስተኛ የምንዛሪ ቢሮ ጀምረው፣ በ1951 ኢንትራ ባንክን መሠረቱ።

ባንኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሊባኖስ ባንኮች ሁሉ ትልቁ ሆነ። በመካከለኛው ምሥራቅ አየር መንገድ፣ በቤይሩት ወደብ፣ እንዲሁም በ1959 ከጁኒየህ አጠገብ ማአመልቴን ላይ በተከፈተው የሊባኖስ ካዚኖ ከፍተኛ ድርሻ ያዘ።

የካርታ ጨዋታን የሚያውቅ ሰው የእኚህን ባለ ባንክ ዕጣ በቀላሉ ይረዳል። በአምስት ካርታ ፖከር ውድድር፣ ካርታ ከመቀየሩ በፊት ጨዋታውን የሚከፍተው ሰው የመደቡን መጠን መምረጥ አለበት። እጅግ ቢያሳንሰው ደካማ ካርታ የያዘው ሁሉ በርካሽ ይከተለዋል፤ እጅግ ቢያበዛው የሚከተለው የተሻለ ካርታ ያለው ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ልኩ የሚወሰነው በካርታው ማማር ብቻ ሳይሆን፣ ከፊቱ በሚቀረው መጠባበቂያም ጭምር ነው።

የበይዳስ ካርታ ደካማ አልነበረም፤ ያነሳቸው መጠባበቂያው ነው። የባንኩ ሀብት በሕንፃና በአክሲዮን ታስሮ ሳለ፣ በኦክቶበር 1966 አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሰለፉ። ማዕከላዊው ባንክ የተጠየቀውን ያህል ብድር አልሰጠም፤ ኢንትራም ክፍያ አቆመ።

በይዳስ በ1968 በስዊዘርላንድ በስደት ላይ ሳሉ አረፉ። አየር መንገዱም ካዚኖውም ከእርሳቸው በኋላ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከ2019 ወዲህ በሊባኖስ ባንክ ያስቀመጠውን ደመወዝ ማውጣት ያቃተው ሁሉ፣ የዚህ ታሪክ ትርጉም አይጠፋውም።