ቴኳንዶን የሰየሙት ጄኔራል

ቴኳንዶ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ነጭ ልብስ፣ ቀበቶና ከፍ ያለ እርግጫ ነው። ስሙን ማን አወጣለት ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስም አውጪው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ናቸው።

ቾይ እ.ኤ.አ. በ1918 ዛሬ ሰሜን ኮሪያ በሚባለው ክፍል ተወለዱ። ያኔ አገሪቱ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ለትምህርት ጃፓን ሄደው እግረ መንገዳቸውን ካራቴ ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በግድ ለጃፓን ጦር ተመለመሉ፤ ፒዮንግያንግ ሳሉም በነፃነት ትግል ተጠርጥረው ታሰሩ። የእስር ቤቱ በር የተከፈተላቸው በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ነው።

በ1946 በደቡቡ አዲስ ጦር መኮንን ሆኑ፤ ቆይተውም ሜጀር ጄኔራል ደረሱ። ለወታደሮቻቸው ያስተማሩት ስልት ከካራቴ ብዙ ወስዷል። ታዲያ ከቅኝ ገዢው የተላቀቀ ሕዝብ ስፖርቱን እንዴት በገዢው ቋንቋ ይጥራው? በ1955 ቴኳንዶ የሚለው ስም ጸደቀ። «ቴ» እግርን፣ «ኳን» ቡጢን፣ «ዶ» መንገድን ያመለክታል።

ከዚያ በኋላ አላረፉም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በማሌዥያ አምባሳደር ሆነው ስፖርቱን እዚያ አስገቡ። በ1965 አሠልጣኞች አስከትለው ጀርመንን፣ ጣሊያንን፣ ቱርክንና ግብፅን ዞሩ። በመጋቢት 1966 ደግሞ ዘጠኝ አገሮችን አሰባስበው ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽንን ሴኡል ላይ መሠረቱ። የስልታቸው ፓተርኖች 24 ናቸው፤ ቁጥሩም የአንድ ቀን ሰዓታትን ይወክላል።

ነገሩ የተበላሸው ከፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት ጋር ሲቃረኑ ነው። በ1972 ወደ ካናዳ ተሰደዱ። በዓመቱ ሴኡል ሌላ ፌዴሬሽን፣ ወርልድ ቴኳንዶን፣ አቋቋመች። በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የሜዳሊያ ውድድር የሆነውም የዚህኛው ስልት ነው። በአገራችንም «ወርልድ» እና «ኢንተርናሽናል» እየተባለ የሚለየው ከዚሁ የተነሳ ነው።

ቾይ በ1980 ቡድናቸውን ይዘው ሰሜን ኮሪያ ገቡ። ለደቡቡ መንግሥት ይህ ክህደት ነበር፤ ለእሳቸው ግን የትውልድ ምድራቸው ነው። ሰኔ 2002 በ83 ዓመታቸው ፒዮንግያንግ ውስጥ አረፉ። ፌዴሬሽናቸውም ብዙ ሳይቆይ ተከፋፈለ።

ጄኔራሉ ለአንድ ሕዝብ የሚሆን አንድ ስም አወጡ። ስሙ ድንበር አልገደበውም፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም ለሁለት እንደተከፈለ ነው።