ማሳውን በፈረስ የሚዞረው ቀያሽ፦ ጆርጅ ዋሽንግተን በእርሻው ላይ

የጆርጅ ዋሽንግተን ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የጦር አዛዡን ወይም የዩናይትድ ስቴትስን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነው። ይሁንና ይህ ሰው ከጦርነቱ አስቀድሞ መሬት ቀያሽ፣ በዕድሜውም ሙሉ የእርሻ ሰው ነበር። ሥራን በቦታው ተገኝቶ መቆጣጠር ለሙያችን መሠረት በመሆኑ፣ ሕይወቱን ከዚህ ወገን መመልከቱ ለመሐንዲሶች የሚጠቅም ይመስለናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋሽንግተን በ1732 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ስለነበር ከፍተኛ ትምህርት ለማግኘት አልታደለም። ይሁን እንጂ የቅየሳን ጥበብ ተምሮ በ1749 ዓ.ም.፣ በ17 ዓመቱ፣ የካልፔፐር አውራጃ ቀያሽ ሆኖ ተሾመ። ሰንሰለትና ኮምፓስ ይዞ በዱር በገደሉ መዋሉ ሁለት ልማድ አተረፈለት፤ አንደኛው መሬትን በዓይን መርምሮ መለየት ሲሆን ሁለተኛው ያዩትን በቁጥር መመዝገብ ነው።

በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚገኘው ማውንት ቨርኖን የተባለው ርስቱ እየሰፋ ሄዶ ወደ 3,200 ሔክታር ገደማ ደረሰ፤ በአምስት እርሻዎችም ተከፈለ። በ1760ዎቹ ዓመታት መሬትን የሚያደኸየውን ትምባሆ ትቶ ወደ ስንዴ ዞረ፤ ቀጥሎም ሰብል ማፈራረቅንና ፍግ መጠቀምን አስፋፋ። ስለ እርሻ ዘዴም ከታወቀው እንግሊዛዊ የእርሻ ሊቅ ከአርተር ያንግ ጋር ለዓመታት ተጻጽፏል።

በርስቱ ላይ በሚኖርበት ጊዜ የዕለት ሥራው የታወቀ ነበር። በማለዳ ቁርሱን ከቀመሰ በኋላ ፈረሱን ጭኖ እርሻዎቹን ይዞራል፤ የሚመለሰውም ለምሳ ሰዓት ነው። ማረሻው የት እንደ ደረሰ፣ አጥሩ የት እንደ ፈረሰ፣ የትኛው ማሳ ውኃ እንደ ቋጠረ ከኮርቻው ላይ ሆኖ ያያል። ከዚህም ጋር የየእርሻው አለቆች ምን ያህል ሰው በየትኛው ሥራ ስንት ቀን እንደ ዋለ የሚዘረዝር ሳምንታዊ መግለጫ ያቀርቡለት ነበር። ፕሬዚዳንት ሆኖ በፊላደልፊያ በተቀመጠበት ወቅት እንኳ መግለጫው በፖስታ ይደርሰው፣ እርሱም ረጅም መመሪያ እየጻፈ ይመልስ ነበር።

ይሁን እንጂ ወረቀት ብቻውን ዓይንን እንደማይተካ በ1793 ዓ.ም. የሆነው ነገር አሳይቷል። ዋሽንግተን ስንዴው የሚወቃበት ሰፊና ምቹ ጎተራ አሠርቶ፣ ነዶውም በዚያው ገብቶ እንዲወቃ አዝዞ ነበር። በመስከረም ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ነዶው ከጎተራው ወጥቶ፣ ከበሩ ዐሥር ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ዝናብና አቧራ በሚያገኘው ሜዳ በፈረስ ሲበራይ አገኘው። በእነዚያው ዓመታት በዶግ ረን እርሻ ላይ ያሠራው ባለ 16 ማዕዘን ጎተራ ለዚህ ችግር የተሰጠ የምህንድስና መልስ ነው ለማለት ይቻላል። በዚህ ሕንፃ ፈረሶቹ በላይኛው ወለል ላይ እየዞሩ ያበራያሉ፤ ፍሬው በሳንቃዎቹ መካከል በተተወው ክፍተት ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ገለባው ከላይ ይቀራል። ውድማን ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ ግልጽ ነው።

ነገር ግን የዚህን ሰው ቁጥጥር ስናደንቅ የተቆጣጠረው ማንን እንደሆነ መዘንጋት አይገባንም። እርሻውን የሚያርሱት፣ ጎተራውን የሚሠሩት ባሮች ነበሩ። በየካቲት 1760 ዓ.ም. አራት አናጢዎች በአንድ ቀን 120 ጫማ እንጨት ብቻ መጥረባቸውን አይቶ፣ ተቀምጦ ሥራቸውን በሰዓት ለካ። ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ብቻውን በቀን 125 ጫማ ሊጠርብ እንደሚገባው አሰላ። ልኬቱ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ ስሌቱ ግን የሥራው ፍሬ የራሱ ያልሆነ ሰው ለምን ይተጋል የሚለውን ጥያቄ አላካተተም። በ1799 ዓ.ም. በማውንት ቨርኖን 317 ባሮች ይኖሩ ነበር። ዋሽንግተን በዚያው ዓመት በጻፈው ኑዛዜ የራሱ የሆኑት ከ120 የሚበልጡት ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነጻ እንዲወጡ ወሰነ፤ እርሷም ሳትሞት በ1801 ዓ.ም. መጀመሪያ ነጻ አወጣቻቸው። የሚበዙት የቀሩት ግን የሚስቱ የቀድሞ ባል ውርስ በመሆናቸው በባርነት ቀሩ።

ዲሴምበር 12 ቀን 1799 ዓ.ም. የ67 ዓመቱ ዋሽንግተን እንደ ልማዱ ፈረሱን ጭኖ ወጣ። በረዶና ቀዝቃዛ ዝናብ እየተፈራረቀበት አምስት ሰዓት ያህል እርሻዎቹን ሲዞር ቆየ፤ ተመልሶም ልብሱን ሳይለውጥ ለምግብ ቀረበ። በማግሥቱ ጉሮሮውን ቢያመውም የሚቆረጡ ዛፎችን ምልክት ለማድረግ ወጣ። ሕመሙ በሌሊት በረታበት፤ ሐኪሞችም በዘመኑ ልማድ ብዙ ደም አፈሰሱት፤ ዲሴምበር 14 ቀንም ዐረፈ። ለመጪው ዓመት የእርሻ ሥራ ያዘጋጀው ረጅም ዕቅድ የተጠናቀቀው ከመሞቱ አራት ቀን በፊት ነበር።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። በቢሮ የተነደፈ ሥራ ሁሉ ማሳው ድረስ ሄዶ የሚያየው ሰው ይሻል። የሚያየውም ሰው አጥሩንና ሰብሉን ከቆጠረ በኋላ፣ በዚያ ማሳ ላይ የጎበጠው ሠራተኛ ከድካሙ ምን እንደሚያገኝ ሊጠይቅ ይገባዋል። ዋሽንግተን የመጀመሪያውን በየዕለቱ ሲፈጽም ኖረ፤ ለሁለተኛው ግን መልስ የሰጠው በኑዛዜው ነው።